አባትህን አምጣ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቴ ግንቦት ሲገባ ከሙቀቱ የተነሳ ውስጥ አይተኛም። ፍራሽ በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ በስልኬ የማነበው ዲትሪሽ ቦንሆፈርን ነበር፤ ጀርመናዊውን የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ሊቅ። አንድ ሌሊት እዚህ ደረስኩ፦ መምህር ተማሪውን በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ አባትህ ሰክሮ ይገባል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እውነት ነው። ልጁ ግን ይክዳል። ቦንሆፈር ልጁ መዋሸቱን አላስተባበለም፤ ጥፋቱ ግን የመምህሩ ነው ይላል። የሰው ቤት ገመና በአደባባይ እንዲጠይቅ ማን መብት ሰጠው? ልጁ ቤቱን የሚከላከልበት የተሻለ ቃል ገና አላገኘም፤ ውሸቱ ውስጥ፣ አባቱን አሳልፎ ከመስጠት የበለጠ እውነት አለ።

ስልኩን ደረቴ ላይ ደፍቼ ቀረሁ።

ግብረ ገብ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዱን ተማሪ «አባትህን አምጣ» አልኩት። «ለሥራ ጅቡቲ ሄዷል ቲቸር» አለኝ። አባትየው ሌላ ትዳር ይዞ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ እንደሚኖር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ሰምቻለሁ። «ትዋሻለህ! ገንደ ቆሬ አይደል እንዴ ያለው?» አልኩት፣ 60 ልጅ እየሰማ። አላለቀሰም። ደብተሩ በጋዜጣ የተለበጠ ነበር፤ የልባጡን ጥግ በጥፍሩ ቀስ እያለ ይልጥ ጀመር፣ ደወል እስኪደወል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የቦንሆፈርን ሕይወት ተከታትዬ አነበብኩ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። በ1906 ብሬስላው ተወልዶ፣ በ21 ዓመቱ ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። በ1930 ለትምህርት ኒውዮርክ ሲሄድ ሃርለም ካለች የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሰንበት ትምህርት ልጆችን አስተማረ፤ ስሟ አቢሲንያን ባፕቲስት ነው፣ የኛን አገር ስም የያዘች። ያን ሁሉ ተምሮ ከልጆች ጋር መቀመጡን እወድለታለሁ። ተመልሶ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ በናዚዎች ዘመን፣ በ1936፣ የማስተማር ፈቃዱን ተነጠቀ። በ1939 አሜሪካ ከጦርነቱ የሚተርፍበት ቦታ አግኝቶ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ወደ አገሩ ተመለሰ። «ሥነ ምግባር» የተባለውን መጽሐፉን በ1940 ጀመረ፣ ሳይጨርሰው ኤፕሪል 5 ቀን 1943 ታሰረ።

ስለዚያ ልጅ የጻፈው ቴገል እስር ቤት ሆኖ ነው። በሂትለር ላይ ያሴሩ ባልደረቦቹን እንዳያስይዝ መርማሪዎቹን ማሳሳት ነበረበት። የልጁን ጭንቅ በራሱ ያውቀዋል ማለት ነው። ኤፕሪል 9 ቀን 1945 ፍሎሰንቡርግ በተባለው የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ሰቀሉት፤ 39 ዓመቱ ነበር። የተረፈውን ጽሑፍ ወዳጁ ኤበርሃርድ ቤትገ ሰብስቦ በ1949 አሳተመው።

የኔ ተማሪ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ አቋረጠ። ባለፈው ዓመት ይቅርታ ልጠይቀው እናቱ ቤት ሄድኩ። እናቱ ቡና ቀዱልኝና «ደህና ነው ቲቸር፣ ጅቡቲ ነው ያለው» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳቸውም። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ፣ ሰላም በሉልኝ ብዬ ወጣሁ።