አንቱ የተማርኩበት ቅዳሜ

ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። እስከ ትናንት ግን ከተማዋን አይቻታለሁ ማለት አልችልም። ዶርም፣ ክፍል፣ ካፌ፣ ላይብረሪ። ከግቢ ብወጣ ብወጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ነው። ከቤት ሲደውሉ «ማርቆስ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ትበርዳለች» እላለሁ። ሌላ የማውቀው የለማ።

የድሬ ልጅ ነኝ። ምደባ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ «ጎጃም ደረሰው» ሲባል ውጭ አገር የምሄድ ነበር የሚመስለው። መንገዱስ ቢሆን! ከድሬ አዲስ አበባ አንድ ሙሉ ቀን፣ አድሮ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር። መሃል ላይ የአባይ በረሃ አለ። አውቶቡሱ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ፊቴን ዳሰሰኝ። «አቦ፣ አገሬ ተመለስኩ» አልኩ። ከዚያ እስከ ደጀን ሽቅብ ነው፤ በየጥምዝምዙ አንድ ልብስ መደረብ።

ትናንት ጠዋት የዶርም ጓደኛዬ፣ የብቸና ልጅ ነው፣ ብርድ ልብሴን ገፈፈና «ተነስ፣ ዛሬ ከተማ ነን» አለኝ። ጋቢውን አዋሰኝ።

ገበያው ሞልቷል። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ ገበሬዎች ዱላቸውን ማጅራታቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን አንጠልጥለውበት ያልፋሉ። በዚህ ብርድ ቁምጣ! እኔ ሁለት ሱሪ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጤፍ ተራ አንዲት እናት እፍኝ ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። «እየው እስቲ፣ ድንጋይ አለበት?» አሉኝ። ምን ልበል? እድሜ ልኬን እንጀራ በልቻለሁ፣ ጤፍን ግን እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። አንዷ ፍሬ ጥፍሬ ውስጥ ገብታ ማታ ድረስ አብራኝ ነበረች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ማየት ፈልገን አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አባባ፣ ቤተ መንግሥቱ በየት በኩል ነው? ታውቀዋለህ?»

ሽማግሌው ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። ከኋላቸው አንዲት አህያ ብቻ ቆማለች።

«እኔን ነው ወይስ አህያዋን?» አሉ።

ጓደኛዬ መሬት ብትውጠው በወደደ። ድሬ ውስጥ አንቱ የለም። አያቴን እንኳ አንቺ ነው የምላት። እርስዎ ብላት «ምን አጠፋሁ?» ነው የምትለኝ። «ይቅርታ ያድርጉለት፣ አገሩ ሩቅ ነው» አለ ጓደኛዬ።

«ኸየት ነው አገርህ?»

«ድሬዳዋ።»

«እህ፣ የባቡሩ አገር ነዋ!» ብለው ሳቁ። «በሉ ተከተሉኝ፣ እኔም በዚያው ነኝ።»

መንገዱን ሙሉ ግሥ ስፈልግ ነበር። «ሲሄዱ»፣ «ይቀድሙ»፣ «ደከመዎት ወይ»። ሳልናገር በፊት እያንዳንዱን ቃል እንደ እንግሊዝኛ ፈተና በሆዴ አዘጋጃለሁ። እሳቸው ደግሞ ስለ ንጉሡ ሲያወሩ ትናንት የተለዩዋቸው ይመስላሉ። ከተማው ድሮ መንቆረር ይባል ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ነገሡና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ የከተማው ስምም አብሮ ተቀየረ። «ንጉሡ ስንት ዓመት ነገሠ... ነገሡ?» አልኩ። ሽማግሌው እንዳልሰማ ሰው አለፉኝ። ጨዋ ናቸው።

የቤተ መንግሥቱ በር ዝግ ነበር። በአጥር አሻግረን አየነው። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ድሬ ነው። ንጉሡ ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895። ያኔ የእኔ ከተማ ገና አልተወለደችም ማለት ነው። ከዚራ የለ፣ ለገሃር የለ፣ አቦ የሚል ሰው የለ። ምናልባት ማንም ተረጋግቶ አንቱ ለመባባል ጊዜ ያላገኘው ለዚህ ይሆናል። ሁሉም ከባቡር የወረደ እንግዳ ነበራ። ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው «አታመካኝ» አለኝ።

ሽማግሌውን ማርቆስ ደጃፍ ላይ ተሰናበትናቸው። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ይዋሉ» አልኳቸው፤ አንድም ሳልሳሳት። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ሽሮ በላን፣ ሻይ ጠጣን፣ ጨርሰን በእግራችን ተመለስን።

ማታ አባቴ ደወለ። አልጋ ላይ ነበርኩ፣ አሁንም ጋቢው ውስጥ።

«ሃሎ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«አቦ፣ ማነው ይሄ? ልጄን አቅርብልኝ!»