የቀለሃ ምልክትና የብርሃን አቅጣጫ

ባለፈው ጥምቀት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ወላጆቼ ቤት በሄድኩ ጊዜ፣ አያቴ በተቀበሩ ዕለት ከአጎቴ ምንሽር ከተተኮሱት ጥይቶች ሁለቱን ቀለሃ እናቴ በጣሳ አስቀምጣቸው አገኘሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ በማንሳት የምተዳደር በመሆኔ፣ አንዱን ቀለሃ መስኮት ሥር አቁሜ በትንሽ ባትሪ እያበራሁ ግርጌውን ከቅርብ አነሳሁት። ብርሃኑ ከቀኝ ሲመጣ የጠመንጃው መርፌ የመታው ጉድጓድ ጠርዙ እንደ ጨረቃ ጎብጦ ታየ፤ ከግራ ሳበራበት ግን ያ ቅርጽ ጠፋና በቦታው ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ብቅ አሉ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ላየ ሰው ቀለሃዎቹ ከሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎች የወጡ ይመስሉታል።

ጥይት ሲተኮስ መርፌው የራሱን ጉድጓድ ይተዋል፤ የባሩዱም ግፊት ቀለሃውን ወደ ኋላ ገፍቶ ከጀርባው ካለው ብረት ጋር ስለሚያጋጨው፣ በፋብሪካ ሲሞረድ ብረቱ ላይ የቀረው ጭረት በቀለሃው ላይ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሁለት ማይክሮስኮፖችን በማጣመር ሁለት ቀለሃዎችን በአንድ እይታ ማነጻጸር ተቻለ፤ አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ መርማሪ ካልቪን ጎዳርድም እ.ኤ.አ. በ1929 በቺካጎ የተፈጸመውን የወንበዴዎች የጅምላ ግድያ በዚሁ መሣሪያ መረመረ። እዚያ መርማሪው መብራቱን በእጁ ስለሚያዞር፣ የታየው ነገር ጥላ ይሁን ጭረት መለየት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካናዳ ሞንትሪያል የተሠራው አይቢስ የተባለ ሥርዓት ግን የቀለሃዎችን ምስል በኮምፒዩተር አከማችቶ፣ አዲስ የመጣውን ከነበሩት ጋር ያነጻጽርና በቅርበታቸው ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ይህ የመፈለጊያ መንገድ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ መርማሪው ራሱን ቀለሃውን በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት። ጠፍጣፋ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ብርሃኑን ማዞር አይቻልምና፣ በእኔ መስኮት ሥር የታየው ችግር እዚያም ነበር።

በዚህ ምክንያት አሁን በአንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ከፎቶ ይልቅ የገጹ ከፍታ ራሱ ይለካል። መሣሪያው እያንዳንዱን ነጥብ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ባነሰ ስሕተት ስለሚመዘግበው፣ መብራቱ ከየትም ቢመጣ ቁጥሩ አይለወጥም። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ተመራማሪዎች የነደፉት ዘዴ የአንዱን ቀለሃ ገጽ በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ እያንዳንዱን በሌላው ቀለሃ ላይ ይፈልጋል፤ ከዚያም በአንድ ዓይነት አቅጣጫና ርቀት የገጠሙትን ይቆጥራል። አንድ ሰው «ይመስላል» ከሚለው ይልቅ ስንት ክፍል እንደገጠመ መናገር፣ በእኔ እምነት፣ ለተከሳሹም ለሟች ቤተሰብም የተሻለ ክብር ነው።

ያም ሆኖ ልኬት ሁሉን አይፈታም። በአንድ መሞረጃ ተከታትለው የተሠሩ ጠመንጃዎች የጋራ ጭረት ሊኖራቸው ይችላል፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስ አማካሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሪፖርት የዚህ ሙያ መሠረት ገና በበቂ ጥናት አለመረጋገጡን ጽፈዋል። እንደ መንዝ ባለ አገር፣ ምንሽር ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍበት ቤት፣ ዝገቱና ውልወላው በዓመታት ውስጥ ብረቱን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የተተኮሰ ቀለሃ ከዛሬው ጋር አለመግጠሙ ብቻውን ጠመንጃው ሌላ ነው አያሰኝም። የቀለሃ ምስል በማስረጃነት ሲቀርብ ያልተነካካው የመጀመሪያ ፋይል፣ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ እንዲሁም ራሱ ቀለሃው አብረው እንዲቀርቡ አጥብቄ የምጠይቀው ለዚህ ነው።