የምናውቀው ሰው ውሻውን ሲያሠቃይ

ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ስለምሠራ፣ ወገኖቼ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በለቅሶ ቤት ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፤ ጎረቤታቸው ወይም የሚያውቁት ሰው ውሻውን ወይም ድመቱን ሲበድል ቢያዩ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጠይቁኛል። የሚጠይቁኝም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በሰው አገር ተቀምጦ በሰው ጉዳይ መግባት ነውር ይመስለናል፤ በዳዩ የአገር ልጅ ከሆነ ደግሞ መኖሪያ ፈቃዱን እናሳጣዋለን ብለን እንሠጋለን። እኔ ግን ዝምታው ለእንስሳውም ለባለቤቱም እንደማይበጅ አምናለሁ። ይህን እምነቴን ያጸናልኝም በሥራዬ ካየሁት ሁሉ ይልቅ የአንድ የማከብራቸው አዛውንት ውሻ ነው።

እኚህን አዛውንት ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጀርመኖች ሽሬበርጋርተን ከሚሏቸው የኪራይ አትክልት ቦታዎች አንዱን ይዘው ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም ያለማሉ። ሌባ ስላስቸገራቸው አንድ ትልቅ ውሻ አምጥተው፣ ከዕቃ ማስቀመጫዋ ጎጆ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት አሰሩት። እርሳቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ውሻው ብቻውን ያድራል፤ ሥራ ወይም ሕመም ሲይዛቸው ደግሞ ብቻውን ይውላል። ቃሪያ ልቀበል በሄድኩበት ቀን የውሃ ሳሕኑ ተገልብጦ፣ የአንገቱ ጠጉር ተመልጦ፣ ማሰሪያው ቆዳውን ልጦ ወደ ሥጋው መግባት ጀምሮ አየሁ።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ያደጉት የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት በሚለቀቅበት፣ ከማዕድ የተረፈውን በልቶ በሚኖርበት አገር ነው። ሆኖም ያ የአገር ቤት ውሻ ቢያንስ ሌሊቱን በግቢው ውስጥ ይሮጣል፣ ቀኑን ሙሉም የቤተ ሰቡን ድምፅ ይሰማል፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም አጥቷል። ስለዚህ በቅድሚያ ራሳቸውን ማነጋገር መረጥኩ።

«ጋሼ፣ የውሻው አንገት ቆስሏል፤ ክሊኒክ ይዘነው እንሂድ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የጥበቃ ውሻ እኮ ነው፤ ካልታሰረማ አጥር ዘሎ ይሄዳል። ደግሞስ የሰው ልጅ ሜዳ ላይ በሚያድርበት ዘመን ስለ ውሻ አንገት ትጨነቂያለሽ?»

የሰው መከራ የእንስሳውን መከራ ትክክል እንደማያደርገው ነገርኳቸው። ጀርመን ውስጥ ውሻን በሰንሰለት አስሮ ማኖር ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ እንደተከለከለ፣ ከ2022 ጀምሮም ውሻ ወደ ውጭ ወጥቶ በበቂ ሁኔታ መንቀሳቀስ፣ በቀን ውስጥም ደጋግሞ ከሚንከባከበው ሰው ጋር መሆን እንዳለበት አስረዳኋቸው። መጽሐፍ አንባቢ ስለሆኑ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» የሚለውን የምሳሌ ቃልም አነሣሁላቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው እንደሚያስተካክሉ ቃል ገቡልኝ። እንደገና ስሄድ ግን ሰንሰለቱ እንዳለ ነበር፤ ቁስሉም መግል ይዞ መሽተት ጀምሮ ነበር።

በዚህ ጊዜ በየከተማውና በየአውራጃው ወደሚገኘው፣ ፌቴሪኔርአምት ወደሚባለው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት አመለከትኩ። ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት ያየሁትን ብቻ ነው፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሰንሰለቱን ማጠር፣ የቁስሉን ሁኔታና ውሃ አለመኖሩን። «ይደበድበዋል» ወይም «ምግብ አይሰጠውም» ብዬ አልገመትኩም፤ ግምት የተቀላቀለበት ክስ እውነተኛውንም ክፍል ያዳክማል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉም ከሚያልፍበት መንገድ ላይ ሆኖ እንስሳውን እንጂ ሰዎቹን ባያነሣ ይሻላል። አጥር ዘሎ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፤ ውሻውን ፈትቶ መውሰድም፣ ልብ የቱንም ያህል ቢራራ፣ በስርቆት ሊያስከስስ ይችላል። ስምን ሳይገልጹ ማመልከት ይቻላል፤ እኔ ግን ተጨማሪ ነገር ሊጠይቁኝ እንዲችሉ ስሜን ጻፍኩ።

የመጣችው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ጋሼን ለማሰር አልመጣችም። ሰንሰለቱ ወዲያውኑ እንዲፈታ፣ ቁስሉ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲታከም፣ ውሻውም ብቻውን እዚያ እንዳያድር አዘዘች፤ ተመልሳ እንደምታይም ነገረቻቸው። ወገኖቼ አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባው ይህን ነው፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ የአስተዳደር ውሳኔ እንጂ የወንጀል ፍርድ አይደለም። እርግጥ ሕጉ አቅም አለው። የእንስሳት ጥበቃ በ2002 በጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20ሀ ውስጥ ገብቷል፤ ጥፋቱ እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ደንብ መተላለፍ የሚታይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 25,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል፤ በጭካኔ ተነሣሥቶ በእንስሳ ላይ ከባድ ሥቃይ ያደረሰ ሰው ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እጅግ የተጎሳቆለ እንስሳ በባለቤቱ ወጪ ተወስዶ በሌላ ቦታ እንዲጠበቅ ማዘዝም የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ነው። ቀደም ብሎ ማመልከት ነገሩ እዚህ ደረጃ ሳይደርስ ሊያስቀረው ይችላል።

በእርግጥ ሁሉም ሰው እንደ ጋሼ በቃል የሚነገረው አይደለም። እንስሳውን በቁጣ ሲመታ ወይም ሲረግጥ የታየን ሰው ብቻዬን አላነጋግርም፤ ማንንም እንዲያነጋግር አልመክርም፤ እንዲህ ያለ እጅ በቤቱ ባሉት ሰዎች ላይም ሊነሣ ይችላልና። ድብደባው በዓይናችን ፊት እየተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም ውሻ በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ ተዘግቶበት እያለከለከ ካየን፣ ጽሕፈት ቤት እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም፤ 110 ደውሎ ፖሊስ መጥራት ይገባል። በሌላ በኩል የውሻ ጩኸት ብቻውን የበደል ማስረጃ አይሆንም፤ ጥፍሩ ከልክ በላይ ማደጉን፣ የጎድን አጥንቱ መቆጠሩን፣ ጠጉሩ ተጣብቆ መቋጠሩን፣ ሰው ሲቀርበው መሬት ላይ መለጠፉን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ጋሼ የሚኖሩበት አፓርታማ ውሻ ስለማይፈቅድ፣ ካሰቡበት በኋላ ውሻውን በፈቃዳቸው ቲርሃይም ለሚባለው የእንስሳት መጠለያ አስረከቡ። ቁስሉ ድኖ አንድ ቤተ ሰብ ወስዶታል። ያመለከትኩት እኔ መሆኔን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው፤ እጅግ ተቀየሙኝ፤ ሰላምታችንም እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ያን አንገት አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም ነበር። በአትክልት ቦታቸው በር ላይ አሁን ጠንካራ ቁልፍና ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት አስገጥመዋል።