ግማሿ በሣር ሥር ያለች መንደር፦ ታሪኳን እንዴት እንዳጠናሁ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ የምኖርባት መንደር ዛሬ ጥቂት ቤቶች ብቻ አሏት። ትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቤቶቹ ርቆ በግጦሽ መስክ መካከል ብቻውን ቆሟል። ምክንያቱን የጠየቅኳቸው ጎረቤቶች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ጥቁሩ ሞት ሕዝቡን ፈጀው።» በ1348 እና 1349 እንግሊዝን የመታው ወረርሽኝ ማለታቸው ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ሳያጣራው የሚደጋገም ሆኖ ስላገኘሁት በማስረጃ ልፈትነው ወሰንኩ።

የጀመርኩት ከወረቀት ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ድል አድራጊው ዊሊያም በ1086 ያስመዘገበው የመሬት መዝገብ፣ የዱምስደይ መጽሐፍ፣ የ1334ቱ የግብር መዝገብና የ1377ቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ለእንግሊዝ መንደሮች ጥናት መሠረት ናቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥራቸውን ማነጻጸር ግን አይቻልም። የመጀመሪያው የቤተሰብ ኃላፊዎችን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው የመንደሩን ጠቅላላ ክፍያ ብቻ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ 4 ፔኒ ሲጣል የተዘጋጀ ነው፤ ግብሩ የቀረላቸው ለማኞች ብቻ ናቸው። እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ መንደሬን በየዘመኑ ከአጎራባቾቿ ጋር ማወዳደር ነበር። ጎረቤቶቿ ሲያድጉ እርሷ ወደ ኋላ የቀረችበት ጊዜ በዚህ መንገድ ጎልቶ ይታያል።

ቀጥሎ መሬቱን አነበብኩ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በአውሮፕላን በጨረር የተለካውን የመሬት ቅርጽ፣ ማለትም የላይዳር መረጃን፣ ለማንም በነፃ ይሰጣል። ኮምፒውተር ላይ የብርሃኑን አቅጣጫ ስቀያይር በመስኩ ውስጥ የሰመጠ ጎዳና፣ በግራና በቀኙ የቤት መደቦች፣ ከእነርሱ ባሻገር ደግሞ የጥንት እርሻ ትልም ወጣ። በቦታው ተገኝቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የብርድ ወራት ማለዳ ይሻላል፤ ሣሩ አጭር፣ ፀሐዩም ዝቅ ያለ ስለሆነ ትንሿ እብጠት ጥላ ትጥላለች። ሳማ በብዛት የበቀለበትንም ቦታ ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ሰውና ከብት ለረጅም ጊዜ የኖሩበት አፈር ይስማማዋል።

ይሁን እንጂ እብጠት ዕድሜውን አይናገርም። ለዚህ ቁፋሮ ያስፈልጋል፤ ከቁፋሮ በፊት ደግሞ ፈቃድ። በሕግ የተጠበቀ ጥንታዊ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው። ስለዚህ መስኩን ትተን፣ ከመንደሩ ነዋሪዎች ጋር ሆነን፣ ባለቤቶቹ በፈቀዱልን ጓሮዎችና በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለ የግል መሬት ላይ ሠራን። እያንዳንዱ ጉድጓድ 1 ሜትር በ1 ሜትር ነው። ሣሩ በጥንቃቄ ተገፍፎ ይቀመጣል፤ አፈሩ በ10 ሴንቲ ሜትር ንብርብር በማንካ እየተፋቀ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ባልዲ በወንፊት ይነፋል፤ የተገኘው ሁሉ የንብርብሩ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ይገባል። አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ዘመን የሚነግረን ገል ነው። በዚህ አካባቢ ግራጫውና ጠንካራው የቴትፎርድ ሸክላ ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊትና በዚያው ዘመን አካባቢ የነበረን ኑሮ ያመለክታል። ኪንግስ ሊን አጠገብ ይሠራ የነበረው፣ አረንጓዴ አንጸባራቂ ቅብ ያለው የግሪምስተን ሸክላ ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ግን ከወረርሽኙ በፊት የመጣ ነው። ብዛቱን መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም፤ ጠርዙን ማየት የግድ ነው። ገበሬዎች የቤታቸውን ጥራጊ ከፍግ ጋር ወደ እርሻ ይወስዱ ስለነበር፣ ትንንሽና ጠርዙ የተሟጠጠ ገል የእርሻ ምልክት ነው። ትልልቅና ጠርዙ ስለታም ከሆነ ግን ቤቱ ቅርብ ነበረ ማለት ነው።

ውጤቱ ሲደረደር የጎረቤቶቼ ታሪክ ለሁለት ተከፈለ። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቴትፎርድ ሸክላ በዝቶ ተገኘ፤ የግሪምስተን ሸክላ ግን ጥቂትና የተሟጠጠ ብቻ ነበር። በጋራ ግጦሹ ዳር፣ ዛሬ ቤቶች ባሉበት፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻውን የቀረው ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ሰዎቹ አልሞቱም፣ ወደ ግጦሹ ዳር ተዛወሩ። ይህ በኖርፎክ ብዙ መንደሮች የታየ እንቅስቃሴ ነው።

መኮማተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በግጦሹ ዳር ባሉት ጉድጓዶችም ከ14ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ገሉ ይሳሳል። አርኪዮሎጂስቷ ካሬንዛ ሉዊስ በምሥራቅ እንግሊዝ በ55 የሰፈራ ቦታዎች የተቆፈሩ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን አጥንታ በ2016 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የሸክላው መጠን በአማካይ 45 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይታለች። ወረርሽኙ እጁ እንዳለበት አልጠራጠርም። ሆኖም ከ1315 እስከ 1317 የዘለቀው ታላቁ ረሃብ ቀድሞት ነበር፤ በኋላም በግ ከእህል ይልቅ ትርፍ ሲያመጣ ባለ መሬቶች ገበሬዎችን አፈናቅለዋል። በዮርክሻየር የሚገኘው፣ ከ1950 እስከ 1990 የተቆፈረው ዋራም ፐርሲ ከወረርሽኙ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ኖሮበታል፤ የመጨረሻዎቹን ቤተሰቦች ያስለቀቃቸው በግ ነው።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው አጥብቄ የምነግረው ስለ ባዶ ጉድጓድ ነው። ምንም ያልወጣለት ባለ ጓሮ ያዝናል፤ የመመዝገቢያ ወረቀቱንም ሳይሞላ ሊተው ይፈልጋል። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ የፈታልን ግን አንድ ዓይነት ገል በአንድ ቦታ እምብዛም አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ባዶውም ንብርብር እኩል ተመዝግቦ፣ ጉድጓዱ ተሞልቶ ሣሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ሪፖርቱ ከነካርታው ለአውራጃው የቅርስ መዝገብ መላክ አለበት። እኛም ልከናል። አሁን የማነበው የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ኑዛዜዎች ነው፤ ማን ስንት በግ እንደተወ ከዚያ ይገኛል።