ከአሸዋ ሥር ያለው ውሃ በየት በኩል ይጠፋል?

የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጎርፉ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ወርዶ ያልፋል፤ በማግስቱ የሚቀረው አሸዋ ነው። በገጠር ቀበሌዎቹ ያሉ ትናንሽ ወንዞችም ጠባያቸው ይኸው ነው። ውሃው ግን ሁሉም አልሄደም። ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ጭረው በጣሳ የሚቀዱባቸው ቦታዎች አሉ። ይህን ውሃ ለመያዝ ከአሸዋ በታች የተቀበረ የአፈር ግድብ ስንሠራ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ለእነሱ ነው፦ በጋው ሲጠና ከሁሉም መጨረሻ የሚደርቀው ጉድጓድ የትኛው ነው? ዳር ላይ ትልቅ ሾላ ካለ ደግሞ ምልክቱ ጥሩ ነው፤ ሾላ ውሃ ቅርብ ካልሆነ እንዲያ አይለመልምም።

ከዚያ በኋላ በፌሮ እንለካለን። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ጫፉን አሹለን፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ጎኑን በመጋዝ እንቆርጠዋለን። ወንዙን ተከትለን በየ20 ሜትሩ፣ ወርዱን ደግሞ በየ2 ሜትሩ በመዶሻ እንመታዋለን። ጠንካራ ድንጋይ ሲያገኝ ፌሮው ይጮኻል፤ ሸክላ አፈር ላይ ድምፁ ይታፈናል። ቀጥ አድርገን ስንነቅለው በተቆረጠው ቦታ የተያዘው አሸዋ እርጥበቱንና ዓይነቱን ያሳየናል። የምንፈልገው ቦታ ከሥር ያለው ድንጋይ ወይም ሸክላ ወደ ላይ ቀረብ ያለበትና ከበላዩ በኩል ጥልቅ አሸዋ የተኛበት ነው። ግድቡ እዚያ ጠባቡ ላይ፣ ጉድጓዱ ደግሞ ከበላይ ጥልቁ ላይ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሸዋውን ሲፈትን ነው። አፉ በሰፊው የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ውሃ ያፈስበታል፤ 7 ሊትር ያህል ሲጠጣ ይደሰታል። ደቃቅ ደለልም ያንኑ ያህል ይጠጣል፣ ግን መልሶ አይሰጥም። ስለዚህ ጀሪካኑን ከታች በስተን የሚወጣውን ነው የምንለካው። ሻካራ አሸዋ 5 ሊትር ገደማ ይመልሳል፤ ደለል የበዛበት አንድ ሊትር ቢመልስ ነው። አንድ ሊትር በሚመልስ አሸዋ ላይ የሰው ጉልበት ማፍሰስ ግፍ ነው፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ሒሳቡን ሕዝቡ ፊት መሬት ላይ በዱላ እንሠራለን። 150 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ወርድ፣ በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ 3,600 ሜትር ኩብ ነው። ሩቡ ውሃ ቢሰጥ 900 ሜትር ኩብ ይሆናል። የላይኛውን 60 ሳንቲ ሜትር ፀሐይ ስለሚወስደው በጥልቀቱ ውስጥ አናስገባውም። 60 ቤተሰብ በቀን 5 ጀሪካን ቢቀዳ 6 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ 150 ቀን ያዘልቃል። በቀን 25 ሊትር የሚጠጡ 40 ከብቶች ሲጨመሩ ወደ 128 ቀን ይወርዳል። የከብቱ ጉዳይ ገና ቁፋሮ ሳይጀመር መነጋገሪያ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ቁፋሮው ከኅዳር እስከ የካቲት ያልቃል። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ግድቡ የሚቀበርበት ቦይ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ሁሉም በጎርፍ ይሞላል። ሰማዩ እኛ ጋ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማውን እንዴት እንዳጥለቀለቀ ማንም አይረሳውም። ስለዚህ ቦዩ ውስጥ ማንም አያድርም፣ መሣሪያም አይተውም። አሸዋ ቀጥ ብሎ አይቆምምና የቦዩን ግድግዳ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት በየጎኑ አንድ ሜትር ተኩል እያሰፋን ዘቅዘቅ እናደርገዋለን። ቦታ ቆጥበን ቀጥ እናድርገው የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። የሚናደው አሸዋ ሰው ይቀብራል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለግድቡ አፈር የምንመርጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ቂጡ የተቆረጠ ጠርሙስ ዘቅዝቀን፣ አፉን በጨርቅ አስረን፣ ከተለያየ ቦታ የመጣ አፈር በእኩል መጠን ከሞላን በኋላ ውሃ እናፈስበታለን። በጣም ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥበው ይመረጣል። ብዙ ጊዜ የኩይሳ አፈር ያሸንፋል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲረጥብ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ በማይሆን ቦታ አናምነውም። አፈሩን በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እያረጠብን በእንጨት እንደቀድቃለን፤ ተረከዝ የማይገባበት ሲሆን ቀጣዩ ንጣፍ ይመጣል። መሠረቱ ከታች ካለው ሸክላ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ይገባል፤ ሁለቱ ክንፎች ደግሞ ወደ ዳርቻው ጠንካራ አፈር ድረስ ይዘልቃሉ። የግድቡ አናት ከአሸዋው ገጽ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከፍ ካለ ጎርፍ ይቆርጠዋል።

ግድብ መሐሉ ላይ ሲፈስ እምብዛም አላየንም። የሚፈሰው በክንፉ ወይም በመሠረቱ ነው፣ በተለይ ከሥር ያለው የኖራ ድንጋይ የተሰነጠቀ ሲሆን። ስንጥቁን በአካፋ ጠርገን፣ በመጥረጊያ አጽድተን፣ በሲሚንቶ ከደፈንነው በኋላ ነው አፈሩ የሚያርፍበት።

ሌላው ቀዳዳ መኪና ነው። የአሸዋ ገልባጭ ወደ ወንዙ ገብቶ ለከተማ ግንባታ ሲጭን የሚወስደው የውሃውን ዕቃ ነው። ከግድቡ በላይ አሸዋ እንዳይጫን በቀበሌው ስብሰባ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ካልተፈረመ ሥራውን አንጀምርም።

ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ በኮንክሪት ቀለበት ይለበሳል። የታችኞቹ ቀለበቶች ያለ አሸዋ፣ አንድ ሲሚንቶ በአራት ጠጠር ስለሚሠሩ ውሃ ያስገባሉ። የላይኛው 3 ሜትር ግን በዙሪያው በሸክላ ይታተማል። የእጅ ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውሃውን የሚስበውን ሲሊንደር ከጉድጓዱ ወለል አንድ ሜትር ከፍ እናደርገዋለን፣ አለበለዚያ ደቃቅ አሸዋ ጎማውን ይበላዋል። ብልሽቱን ከእጀታው ማወቅ ይቻላል። ጠዋት ውሃው እስኪመጣ ብዙ መምታት ካስፈለገ ከሲሊንደሩ ሥር ያለው የእግር ቫልቭ እያፈሰሰ ነው። እየተመታ ውሃው ካነሰ ዩ ሲል የሚባለው ጎማ አልቋል። እጀታው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ያለቀው የሚዞርበት ቡሽ ነው። ይህ ሁሉ ቧንቧው ሳይነቀል በአንድ ቁልፍና የእግር ቫልቩን በሚያወጣው መንጠቆ ይሠራል፤ ጥገናውን የሚማሩት በየቀኑ የሚቀዱት ሴቶች እንዲሆኑ የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው።

ፓምፕ ለወራት ቆሞ ስናይ ከጀርባው ያለው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎማ ነው። ገንዘብ ተሰብስቦ፣ ከተማ ሲኬድ ዕቃው ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ገና በተከላው ቀን ሁለት ዩ ሲል፣ አራት ቦቢን (የቫልቭ ጎማ)፣ ሁለት ኦ-ሪንግ (የቀለበት ጎማ) እና አንድ ሙሉ የቡሽ ስብስብ በሳጥን ተቆልፎ መንደሩ ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ሲወጣ ሌላው በሳምንቱ ይገዛል። መዋጮው እንደ እድር ባለው በአፎሻ ሥርዓት ቢሰበሰብ ይሻላል፤ ሰው የለመደው ነው፣ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበባል። የሚከፈልበትን ጊዜ ደግሞ ጫት ወይም ፍየል ከሚሸጥበት ጋር ማገጣጠም ያስፈልጋል።

ከማንኛውም ጥገና በኋላ ክሎሪን እንጨምራለን። ባለ 65 በመቶ ዱቄት ከሆነ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 77 ግራም ገደማ ይበቃል፤ 2 ሜትር ውሃ ላለው ጉድጓድ ወደ 175 ግራም ነው። መጀመሪያ በፕላስቲክ ባልዲ ይሟሟል፤ ዱቄቱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አይጨመርም። 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ተቀድቶ ይደፋል።

መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የተለመደ ምክር በሻካራ አሸዋና በተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ አያስተማምንም። ከበላይ በኩል ፈጽሞ አናስቆፍርም፤ ከበታች ቢሆንም 50 ሜትር እናስርቃለን። የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለልም በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 2 ሜትር በላይ መሆን አለበት። እዚህ አገር ሰው የሚጸዳው በውሃ ነው፤ በሩ ላይ ውሃ የሌለው መጸዳጃ ቤት ደግሞ ቢሠራም ባዶውን ይቆማል።

በየዓርቡ አንድ ሰው ገመድ አውርዶ የውሃውን ከፍታ ይለካና በደብተር ይጽፋል። ከላይ ባለው ሒሳብ በቀን 7 ሜትር ኩብ ሲቀዳ ውሃው በሳምንት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። 25 ከወረደ ማታ ፓምፑን ቆልፈን ንጋት ላይ እንደገና እንለካለን። ማንም ሳይቀዳ ከወረደ ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር እንሄዳለን፤ ሣሩ በበጋ ለብቻው አረንጓዴ የሆነበት ቦታ ሲገኝ የሚቆፈረው እዚያው ትይዩ ነው።