ብርድ ላይ ከሰውም በፊት ባትሪውን አሙቁ

ኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ የመጀመሪያውን የበረዶ ወቅት ልትቀበሉ ከሆነ፣ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፦ «ማሞቂያውን ቀንሱ፣ ባትሪ ይበላል።» ለእኔም መኪናውን ያስረከበኝ ሻጭ ይሄንኑ ነው ያለኝ። ቀድመው የገዙ ወዳጆቼም ደገሙልኝ። ዋናውን ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ብርድ ላይ ትልቁ ጉዳይ የእኛ ሙቀት ሳይሆን የባትሪው ሙቀት ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ያየሁትን ሌላ ሰው እንዳያይ ነው።

የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ቀይሮ ያባክነዋል። ያ ብክነት ነው በብርድ ጊዜ በነፃ የሚያሞቀን። የኤሌክትሪክ ሞተር ብዙም አያባክንም፤ ስለዚህ ሙቀቱን ከባትሪው መውሰድ ግድ ነው። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ ማሞቂያ ተከፍቶ ሲነዳ መኪኖቹ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ41 በመቶ ቀንሷል። ማሞቂያው ሲዘጋ ቅነሳው 12 በመቶ ገደማ ነበር።

ሰዎች ይህን ዓይነት ቁጥር ያዩና ማሞቂያውን ዘግተው፣ ጃኬት ደርበው ይነዳሉ። እኔ በጭራሽ አልስማማም። መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ መንገዱ ደግሞ ያንሸራትታል። ለጥቂት ኪሎሜትር ብሎ ደህንነትን አሳልፎ መስጠት ትክክል አይደለም። ማሞቂያው ብዙ የሚበላው የቀዘቀዘውን መኪና ከዜሮ ሲያሞቅ ነው፤ ያን ጊዜ 5 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። አንዴ ከሞቀ በኋላ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ መፍትሔው መኪናው ገና ሶኬት ላይ እያለ ማሞቅ ነው። የመኪናው የስልክ አፕ ላይ የመነሻ ሰዓት ትሞላላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ የወንበርና የመሪ ማሞቂያ ክፈቱ። የአንድ ወንበር ማሞቂያ ከ100 ዋት ብዙም አይዘልም። የውስጡን ሙቀት 20 ዲግሪ ላይ ተዉት። ይሄ ቀላሉ ነው።

ያንገበገበኝ ፈጣን ቻርጀሩ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ መኪናው ውጭ ቆሞ አደረ፤ ያደርንበት ቦታ ሶኬት የለውም። ጠዋት ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ወርዷል። ቻርጀሩ ቅርብ ስለነበር መንገዱን ስልኬ ላይ አይቼ ሄድኩ። ቻርጀሩ ላይ 150 ኪሎዋት ይላል። ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ የመጣው ቁጥር 20 እንኳን አይሞላም። ጠበቅኩ። ከፍ አላለም። ወደሚቀጥለው ቻርጀር ዞርኩ፤ ያው ነው። ከኋላዬ ሰልፍ ተጀመረ፣ ልጆቹ ከኋላ ወንበር «መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ።

የቻርጀሩ ድርጅት የእርዳታ መስመር ላይ ደወልኩ። ያነሳው ሰው «ነቅለው ይሰኩት» አለኝ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። «ሌላ ቻርጀር ይሞክሩ።» ሞክሬያለሁ አልኩት። በመጨረሻ «የውስጥ ማሞቂያውን ያጥፉት፣ ችግሩ ከመኪናው ነው» ብሎ ዘጋው። ማሞቂያውን አጠፋን፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ እኛ ብቻ ቀዘቀዝን። መኪናውን ለሸጠልኝ ድርጅት ስደውል ደግሞ መልሱ «ብርድ ላይ ያለ ነገር ነው» የሚል ሆነ። ያለ ነገር ከሆነ ቁልፉን ስትሰጡኝ ለምን አልነገራችሁኝም? ስለ ስክሪኑ ቀለም አስረድተውኛል። ስለ ድምፅ ማጉያው አስረድተውኛል። ስለዚህ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያበሽቀኛል።

ለምርመራ ወሰድኩት። «ችግር አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ነገሩን ያስረዳኝ ወረቀቱን የፈረመው ሰው አይደለም፤ መኪናውን ከጋራዡ ያወጣልኝ ቴክኒሻን ነው። ቆመን በጥቂት ደቂቃ ነገረኝ።

ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ይዘገያል። ቻርጅ ስናደርገው ሊቲየሙ ባትሪው ውስጥ ወዳለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት ነው) መግባት አለበት። ባትሪው ቀዝቅዞ እያለ በኃይል ከተጫነ ግን ሳይገባ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ያ ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱ ኃይሉን ይገድበዋል። መኪናው ትክክል ነበር፣ ቻርጀሩም ጤነኛ ነበር። ባትሪው ብቻ በረዶ ሆኖ ነበር።

መፍትሔው ደግሞ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል! ቻርጀሩን በመኪናው በራሱ ናቪጌሽን መድረሻ አድርጋችሁ ስትመርጡት፣ መኪናው እየሄደ ባትሪውን ያሞቀዋል። ስልክ ላይ ያለ ካርታ ይህን ለመኪናው አይነግረውም። የመመሪያው መጽሐፍ ጉዳዩን በአንድ መስመር ጠቅሶታል፤ ያውም በብርድ ምዕራፍ ሳይሆን በናቪጌሽን ምዕራፍ። ማን እዚያ ይፈልገዋል?

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቺካጎ ከባድ ብርድ ሲገባባት ቻርጀር ላይ የተሰለፉ መኪኖችን ዓለም በዜና አይቷል። ብዙ ሰው «ኤሌክትሪክ መኪና ለብርድ አይሆንም» አለ። እኔ ግን ሰልፉን ሳይ የራሴን ጠዋት ነው ያየሁት። ቀዝቅዞ የመጣ ባትሪ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ከኋላ ያለው ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ የእሱም ባትሪ ይቀዘቅዛል።

አሁን መንገዱን በቃሌ ባውቀውም ቻርጀሩን በመኪናው ናቪጌሽን ላይ እመርጣለሁ፤ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሳልነሳ ቀደም ብዬ። ባትሪ ማሞቅ ራሱ ኃይል ስለሚበላ፣ አንዳንድ መኪኖችም ባትሪው ሲያንስ ማሞቅ ስለማይጀምሩ፣ ወደ 20 በመቶ ሳይወርድ እሰካለሁ። «እስከ 10 አውርደህ ሙላ» የሚለው ምክር ለሞቃት ወቅት ነው። መኪናችሁ ባትሪውን አስቀድሞ የማሞቅ አቅም ከሌለው፣ ማታ እንደደረሳችሁ ቻርጅ አድርጉ። ሲነዳ የዋለ ባትሪ ጠዋት ላይ ካለው ይሞቃል። ቤት ሶኬት ካላችሁ ደግሞ ቻርጁ ልትነሱ ስትሉ እንዲያልቅ ሰዓቱን አስተካክሉ። ተራ የግድግዳ ሶኬት ግን ወደ 2 ኪሎዋት ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሲሞቅ ፐርሰንቱ ትንሽ ቢወርድ አትደንግጡ።

ለአጭር መንገድ ባትሪ ማሞቅ ግን ትርፍ ወጪ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቃወሙኛል። ሰፈር ውስጥ ደርሶ ለመመለስ ያን ሁሉ ኃይል ማቃጠል ለምን? የውስጡን ብቻ አሙቁና ሂዱ።

ገና ካልገዛችሁ ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ ውስጡን የሚያሞቅ መሣሪያ) እንዳለው ጠይቁ። ከተራ ማሞቂያ በብዙ ይቆጥባል፤ ብርዱ ሲከፋ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ባትሪው LFP የሚባለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ዓይነት ከሆነ ብርዱ ይበልጥ እንደሚይዘው እወቁ። ሻጩ «ችግር የለውም» ካላችሁ ባትሪውን አስቀድሞ ማሞቅ የሚቻልበትን ቁልፍ እዚያው እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ሌላም አለ። ባትሪው ሲቀዘቅዝ፣ እግር ከፔዳል ሲነሳ መኪናውን የሚያዘገየው ኃይልም ይደክማል፤ ቻርጅ መቀበል ስለማይችል ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ እግራችሁ ፍሬን ላይ ዝግጁ ይሁን።

«በረዶ መንገድ ቢዘጋስ፣ በብርድ አናልቅም ወይ?» ለሚሉ ደግሞ ሂሳቡ ይሄ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ካለው 30 ይቀረዋል። ቆሞ ውስጡን ሞቅ አድርጎ ለመቆየት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ እንኳን 15 ሰዓት ያቆያል። ጭስ ማውጫ ስለሌለው ደግሞ በረዶ ደፍኖት የተመረዘ አየር ወደ ውስጥ ይገባል የሚል ስጋት የለም። ስለዚህ ከቆማችሁ ማሞቂያውን አትዝጉት፤ ልጆቻችሁን አታስበርዱ።