ቢጫዎቹ ነጠብጣቦች

በትምህርት ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ስመዘገብ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ማመልከቻው ላይ «ይህን የትምህርት መስክ ለምን መረጡ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ትምህርቱን ለተማሪዎቼ ማራኪ ለማድረግ ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ዓላማ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት አንድ አኒሜሽን ሠራሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው የሠራሁት። አንድ ባትሪ፣ ሽቦ፣ አንድ አምፖል፤ በሽቦው ውስጥ ደግሞ ተከታትለው የሚጓዙ ትንንሽ ነጠብጣቦች። ነጠብጣቦቹ ከባትሪው ሲወጡ ደማቅ ቢጫ ናቸው። አምፖሉ ጋ ሲደርሱ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ እነርሱ ግራጫ ሆነው በወዲያኛው በኩል ይወጡና ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። ቀለሙን ለምን እንደለወጥኩት የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ «ስለሚያምር» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ለስለስ ያለ ሙዚቃም አስገብቼበታለሁ። ማብራሪያው በጽሑፍ ይወጣል፤ እኔም ያንኑ ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብባለሁ።

ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያሳየሁ ዕለት ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ርእሰ መምህሩ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይከታተሉ ነበር፤ ሲወጡ እጄን ጨብጠው «ሌሎቹም ካንተ ቢማሩ ጥሩ ነው» አሉኝ። ልቤ ሞልቶ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት።

የሠራነውን በተማሪዎች ላይ ሞክረን ውጤቱን ማቅረብ ከዲግሪው ትምህርት የቤት ሥራዎች አንዱ ነበር። ፈተና አወጣሁ። አምስቱ ጥያቄዎች የኦምን ሕግ ቀመር ይዘው የሚያሰሏቸው ናቸው። አማካሪዬ ወረቀቱን ከተመለከቱ በኋላ ከግርጌው በእጃቸው ስድስተኛ ጥያቄ ጨመሩበት። ቁጥር የለበትም፤ ከአምፖሉ በፊትና ከአምፖሉ በኋላ ባለው ሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ጅረት አወዳድሩ፣ ምክንያታችሁን ጻፉ ይላል። በጣም ቀላል ስለመሰለኝ ላወጣው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ስሌቶቹን አብዛኞቹ አልተሳሳቱም። ስድስተኛውን ግን ከ42 ተማሪዎች 31ዱ ሳቱት፤ ያውም ሁሉም በአንድ መንገድ። ከአምፖሉ በኋላ ያለው ጅረት ያንሳል፣ ምክንያቱም አምፖሉ ተጠቅሞበታል ብለው ጻፉ። የዚህ ዓይነት ሰርኪዩት (ጅረቱ ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ዙር) ሌላ መንገድ ስለሌለው ወደ አምፖሉ የገባው ጅረት መጠኑ ሳይጓደል ይወጣል። አምፖሉ የሚለውጠው ኃይልን እንጂ ጅረቱን አይደለም። ስሕተቱ የታወቀ ነው፤ ጅረት በአምፖል ውስጥ «ያልቃል» የሚል እምነት በየትም አገር ተማሪ ዘንድ ይገኛል። እንዲያ ብዬ ራሴን ላጽናና ስል አንዲት ጎበዝ ተማሪዬን ጠርቼ መልሷን እንድታብራራልኝ ጠየቅኋት። ደብተሯን አመጣች። ሥዕሌን በባለቀለም እርሳስ ገልብጣዋለች፤ እስከ አምፖሉ ድረስ ቢጫ ነጠብጣቦች፣ ከአምፖሉ ወዲያ ግራጫ። ከግራጫዎቹ ሥር «የደከመ ጅረት» ብላ በጥንቃቄ ጽፋለች።

«መምህር፣ እርስዎ እንዳሳዩን ነው የሣልኩት» አለችኝ።

ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያውም በደንብ ተከታትላ እንደነበር ልታሳየኝ ነበር የፈለገችው። ቃሏ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስሕተቱን ከቤቷ ይዛው አልመጣችም። እኔ ነኝ ሦስት ሳምንት ለፍቼ፣ ሙዚቃ ጨምሬ ያስተማርኳት።

ውጤቱን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ስገባ የሰፋ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው አኒሜሽኑን አንድ ጊዜ አይተው ጠየቁኝ፦ «ይህ ቀለም ለተማሪው ምን እንዲነግርልህ ፈልገህ ነው?» ዝም አልኩ። «አንተ ምንም እንዲናገር ባትፈልግም ቀለሙ ይናገራል» አሉኝና የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የሪቻርድ ሜየርን ጥናቶች እንዳነብ ሰጡኝ። ሜየር ለዓመታት ባደረጋቸው ሙከራዎች ሰዎች ከሥዕልና ከድምፅ የሚማሩት ለትምህርቱ የማያስፈልገው ጌጥ ሲቀነስ በተሻለ ሁኔታ መሆኑን አሳይቷል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከንግግር ጋር እየቀረበ ያንኑ ንግግር በጽሑፍም መድገም መማርን ከማገዝ ይልቅ ያውካል። ሙዚቃዬ፣ ጽሑፌ፣ ንባቤ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሳነብ ስሜን ያላነሣ ክስ የማነብ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1983 የትምህርት ተመራማሪው ሪቻርድ ክላርክ የጻፈው መጣ። መገናኛ መሣሪያ ትምህርትን ማድረሻ ተሽከርካሪ ብቻ ነው፤ የምግብ ሸቀጥ የሚያመላልስ መኪና የሰውን አመጋገብ እንደማይለውጥ ሁሉ መሣሪያውም በራሱ ውጤት አያሻሽልም የሚል ነው ክርክሩ። ሮበርት ኮዝማ በኋላ ተቃውሞታል፤ የእያንዳንዱ መሣሪያ ልዩ ችሎታ ከማስተማሪያው ዘዴ ተነጥሎ አይታይም ብሎ። እኔ ግን በተጎዳሁበት ሰዓት ያነበብኩት ክላርክን ነውና ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ፕሮጀክተሩን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አንድ ወር ያህል በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ አስተማርኩ። ዛሬ ሳስበው ያም ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም ጊዜ ያየሁት መሣሪያውን እንጂ ተማሪው በአእምሮው የሚያደርገውን አልነበረም።

ከካርቶኑ እንዳወጣው ያደረገኝ አንድ ጥናት ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በመሠረተው ፌት በተባለው ፕሮጀክት የተዘጋጀ፣ በኮምፒውተር የሚሠራ የሰርኪዩት ማስመሰያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኖኅ ፊንክልስታይንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ የተማሪዎች ቡድን በእውነተኛ ሽቦና አምፖል፣ ሌላው ደግሞ በዚህ ማስመሰያ ተማረ። በማስመሰያው የተማሩት ፅንሰ ሐሳቡን በመረዳት በለጡ፤ በኋላ እውነተኛ ሰርኪዩት ገጣጥማችሁ አስረዱ ሲባሉም የተሻሉት እነርሱ ሆኑ። ምክንያቱን ስፈልግ ማስመሰያውን ከፈትኩት። እዚያም ትንንሽ ክቦች በሽቦው ውስጥ ይሄዳሉ። ከአምፖሉ በፊትም በኋላም ግን ቀለማቸው አንድ፣ ብዛታቸው አንድ፣ ፍጥነታቸው አንድ። ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከዚያ አልነቀልኩም። እኔ የሠራሁትና ይህ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ አንዱ ዓይን የማያየውን እውነት ያሳያል፣ ሌላው እውነት ያልሆነውን።

በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ርእስ አዲስ ለገቡት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳስተምር አኒሜሽን አልሠራሁም። አንድ ባትሪና አንድ አምፖል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስድስተኛዋን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሁሉም ግምቱን በወረቀት ጻፈ፤ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ተከራከረ። ይህን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ነው። ክርክሩ ሲጋጋል ከአምፖሉ በፊት አንድ፣ ከአምፖሉ በኋላ አንድ አሜትር፣ ማለትም የጅረት መለኪያ፣ አገናኘሁ። ሁለት ተማሪዎች ወጥተው ንባቡን ጮክ ብለው ተናገሩ። እኩል ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሜትሮቹን አቀያይሩልን ያሉ ነበሩ፤ አቀያየርናቸው፣ ያው ሆነ። ማስመሰያውን የከፈትኩት ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ክቦቹን ያዩበት ዓይን ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ዓይን ነበር።

ከኋላ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ጅረቱ ካላለቀ ታዲያ ባትሪው ለምን ያልቃል?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን በዚያው መንፈቀ ዓመት የትምህርት ተመራማሪዋን የሜሪ በድ ሮውን ሥራ አንብቤአለሁ፤ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉትም እንደሚናገሩ አሳይታለች። የራሴን ክፍል ድምፅ ቀድቼ በሰዓት ስለካው እኔም ያው አንድ ሰከንድ ነበርኩ። ጥያቄውን ለክፍሉ መልሼ አቀረብኩና እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አራት። አምስት። አንዱ ወንበሩን አንቀሳቀሰ። ስምንት ላይ ስደርስ ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ እርሳሷን ወደ ባትሪው ቀስራ፣ ቃሉን ገና እየፈለገች፣ በዝግታ ጀመረች፦

«ምናልባት… ያለቀው የሚዞረው ነገር ሳይሆን የሚያዞረው ይሆን?»